የፈረስ ቆዳ ሲቆጣ፦ ከመርፌው በፊት ያለው ሥራ

በየካቲት 2016 ዓ.ም የአፍሪካ ኅብረት መሪዎች ከሜክሲኮ አደባባይ ብዙም በማይርቀው ዋና መሥሪያ ቤት ለ37ኛው መደበኛ ጉባኤያቸው ሲሰበሰቡ፣ ከጦርነትና ከሰላም አጀንዳዎች ጎን አንድ ያልተለመደ ጉዳይም ውሳኔ አገኘ። አህዮች ለቆዳቸው ሲባል እንዳይታረዱ በመላው አህጉር ለ15 ዓመት የሚጸና እገዳ ተጣለ። ምክንያቱ የታወቀ ነው። ከአህያ ቆዳ ተቀቅሎ የሚወጣው ኤጂያኦ የተባለ ሙጫ በቻይና ባህላዊ መድኃኒትነት ገበያው ስለደራ የአፍሪካ አህያ ከጉልበቱ ይልቅ በቆዳው ይፈለግ ጀመር። እኛም ዘንድ በ2009 ዓ.ም ቢሾፍቱ ላይ ሥራ የጀመረው የአህያ ቄራ ሕዝቡ አጥብቆ ተቃውሞት ብዙም ሳይቆይ ተዘግቶ ነበር።

ውሳኔው ተገቢ ነው። ነገር ግን ለጋማ ከብት ቆዳ ያለን ትኩረት ከእርድና ከንግድ ብዙም እንዳልዘለለ የሚያሳይም ነው። የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ የ2013 ዓ.ም ጥናት በሀገሪቱ ከ10 ሚሊዮን በላይ አህያ፣ 2 ሚሊዮን ያህል ፈረስና ከ350 ሺህ በላይ በቅሎ እንዳለ ይገምታል። እነዚህ እንስሳት በየቀኑ ኮርቻ፣ ጭነትና የጋሪ ማሰሪያ የሚያርፍበትን ቆዳ ተሸክመው ነው የሚውሉት። የዚያ ቆዳ ጤና ግን በፖሊሲም፣ በክሊኒክም፣ በባለቤቱም ዘንድ የመጨረሻውን ወረፋ ይዟል። በተለይ የፈረስ አለርጂና ድንገት የሚወጣው ጉብ ጉብ ያለ እብጠት «ነገ ይጠፋል» ተብሎ ይታለፋል፤ ወይም ደግሞ ምንነቱ ሳይጣራ መርፌ ይወጋበታል። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ አጭር ነው፦ በፈረስ ቆዳ አለርጂ ላይ የምናጠፋው ገንዘብና የምንሠራው ስህተት በአብዛኛው የሚመነጨው ሕክምናውን ከመድኃኒት ስለምንጀምረው ነው። መጀመር ያለበት ከመለየትና ከበረቱ ነው።

ያለ መድኃኒትም የሚጠፋ እብጠት

ማታ ደህና የገባ ፈረስ ጠዋት አንገቱ፣ ደረቱና ጎኑ ጉብ ጉብ ብሎ ይገኛል። እብጠቶቹ ክብ ወይም ሞላላ፣ አናታቸው ጠፍጠፍ ያለ፣ አንዳንዴም እርስ በርስ ተያይዘው እንደ ካርታ የተዘረጉ ናቸው። በአውራ ጣት ሲጫኗቸው ለጥቂት ጊዜ ይሰረጉዳሉ። በላያቸው ያለው ፀጉር ይቆማል እንጂ አይረግፍም፤ መግልም ሆነ ቁስል የላቸውም። አንዳንዱን ፈረስ ያሳክኩታል፤ ሌላው ደግሞ ምንም እንዳልነካው ጭዱን ይበላል።

ከቆዳው ሥር የሚካሄደው ነገር በሰው ላይ ከሚሆነው ብዙም አይለይም። የፈረሱ ሰውነት አንድን ነገር እንደ ጠላት ይቆጥረዋል፤ የነፍሳት ምራቅ፣ የሻጋታ ብናኝ፣ የመኖ ፕሮቲን ወይም መድኃኒት ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ማስት ሴል የተባሉት ሕዋሳት ሂስታሚንና መሰል ኬሚካሎችን ይለቃሉ። ጥቃቅን የደም ሥሮች ይላላሉ፣ ፈሳሽ ወደ ቆዳው ይሾልካል፣ ቆዳውም ያብጣል። ሂደቱ በደቂቃዎች ወይም በሰዓታት ውስጥ ይጀምራል፤ አብዛኛውን ጊዜም በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ በራሱ ይከስማል። ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት አልፎም ካልለቀቀ ወይም እየተመላለሰ ካስቸገረ ሥር የሰደደ ተብሎ በሌላ መንገድ ይመረመራል።

የችግሩ ቁልፍ ያለው «በራሱ ይከስማል» በሚለው ላይ ነው። ያለ መድኃኒት የሚድን በሽታ ሁሉንም መድኃኒት ያስመሰግናል። ፈረሱ ዛሬ ጠዋት አብጦ ከሰዓት በኋላ አንቲባዮቲክ ቢወጋ ነገ እብጠቱ ይጠፋል፤ ምስጋናው ለአንቲባዮቲኩ ይሆናል። ቅጠል ቢታሽበትም፣ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ቢቀባም፣ ጸበል ቢረጭም ነገ ይጠፋል። በዚህ መንገድ እያንዳንዱ ሰው ከራሱ ልምድ ማስረጃ ያገኛል፤ ማስረጃውም በክርክር አይረታም። የተሳሳተው ልማድ ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚሻገረው ባለፈረሱ ሰነፍ ወይም አላዋቂ ስለሆነ አይደለም። በዓይኑ ያየው ነገር ስለሚያሳስተው ነው።

በዚህ ላይ የኑሮ ግፊት አለ። ለባለጋሪ የፈረሱ አንድ ቀን መቆም የቤቱ አንድ ቀን ገቢ መቅረት ነው። በየከተማው ባጃጅ የጋሪውን ሥራ በተሻማበት ዘመን «ሁለት ቀን አሳርፈውና እንየው» የሚል ሐኪም ምንም እንዳላደረገ ይቆጠራል፤ መርፌ የወጋው ግን ሠራ ይባላል። ሐኪሙም ይህን ያውቃል። ስለዚህ ምክር ብቻ ይበቃው የነበረ ችግር መርፌ ይጨመርበታል፤ መነሻው ሳይፈለግ ይቀራል፤ በሚቀጥለው ወቅትም ብሶ ይመለሳል።

የሚመስሉት በሽታዎች

ጉዳዩ በዚህ ብቻ ቢያበቃ ኪሳራው የመድኃኒት ዋጋ በሆነ ነበር። ሀገራችን ግን አለርጂን የሚመስሉ ከባድ የፈረስ በሽታዎች የሚገኙባት ናት።

የመጀመሪያው ባለጋሪዎች ንድፍት የሚሉት፣ በሳይንሱ ኤፒዙቲክ ሊምፋንጃይተስ የተባለው የፈንገስ በሽታ ነው። በዚህ በሽታ ላይ ከሃያ ዓመት ገደማ በፊት ታትሞ የወጣ ሰፊ ጥናት በ28 ከተሞች 19 ሺህ ያህል የጋሪ ፈረሶችን መርምሮ 18.8 በመቶዎቹ ተይዘው አግኝቷል። በሞጆ መጠኑ እስከ 39 በመቶ ደርሶ ነበር፤ ቀዝቃዛና ነፋሻ በሆኑ ደጋ ከተሞች ደግሞ አልተገኘም። ፈንገሱ ኮርቻና ማሰሪያ በላጠው ወይም ዝንብ ባረፈበት ቁስል ይገባል። እብጠቱ ጠንካራ ነው፤ የሊምፍ ቧንቧውን ተከትሎ እንደ ዶቃ በመስመር ይደረደራል፤ ከዚያ ይፈርጥና መግል ያወጣል። በአንድ ሌሊት አይመጣም፤ በሁለት ቀንም አይሄድም። ሕክምናው ረጅምና አድካሚ ስለሆነ አዋጭ የሚሆነው ገና በጅምሩ ሲደረስበት ነው። እንግዲህ ንድፍት የጀመረው ፈረስ «አለርጂ ነው» ተብሎ ዴክሳሜታዞን ቢወጋ ምን ይሆናል? መድኃኒቱ የሰውነትን መከላከያ ያዳክማል፤ ፈንገሱም የሚያግደው ያጣል። በጋለ ብረት መተኮሱም ቢሆን ለእንስሳው ስቃይን፣ ለበሽታው ደግሞ አዲስ ቁስልን ከመጨመር ያለፈ ፋይዳ የለውም።

ሁለተኛው በአርሲና በባሌ ደጋዎች የሚታወቀው ዱሪን ነው። ከድንጉላ ወደ ባዝራ፣ ከባዝራም ወደ ድንጉላ በጥቃት ይተላለፋል። ከምልክቶቹ አንዱ በቆዳ ላይ የሚወጣ እንደ ሳንቲም ክብ የሆነ እብጠት ነው፤ ይወጣል፣ ይጠፋል፣ እንደገና ይወጣል። ለሚያየው ሰው ከአለርጂ እብጠት ጋር መንታ ነው። የሚለየው ከእሱ ጋር በሚመጡት የብልት እብጠት፣ ክሳትና የኋላ እግር መዛል ነው። ስለዚህ ለእርባታ በዋለ ፈረስ ላይ የሚመላለስ ክብ እብጠት የደም ምርመራ ሳይደረግ አለርጂ ሊባል አይገባም።

ሦስተኛው የአፍሪካ የፈረስ በሽታ ነው። ይህ የቆዳ በሽታ አይደለም፤ ነገር ግን ፊትና አንገት ስለሚያሳብጥ ይምታታል። ከዓይን በላይ ያለው ጎድጓዳ ቦታ ሞልቶና አብጦ ሲታይ፣ ትኩሳትና የትንፋሽ ማጠር ሲጨመርበት ለነገ የሚባል ነገር የለም። እዚህ ላይ ከእከክና ከቋቁቻ ጋር ያለው ልዩነትም መነሳት አለበት። እነዚያ ፀጉር ያረግፋሉ፣ ቅርፊት ያበጃሉ፣ ከአንዱ ፈረስ ወደ ሌላው ይዛመታሉ። አለርጂ ግን ከፈረስ ወደ ፈረስ አይጋባም፤ ከአንድ በረት አንዱ ብቻ ቢታመም የሚገርም አይደለም።

ይህን ሁሉ ለመለየት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። በአንዱ እብጠት ዙሪያ በጠመኔ ክብ ማድረግና ከነክቡ በስልክ ፎቶ ማንሳት ይበቃል። በማግስቱ በዚያው ሰዓት ድጋሚ ይታያል። ከክቡ ውስጥ ያለው ከጠፋ፣ ሌላ ቦታ አዲስ ቢወጣ እንኳ፣ አለርጂ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ባለበት ካለ፣ ከጠነከረ ወይም ከፈረጠ ሌላ ነገር ነውና ወደ ሐኪም ይሄዳል። ፎቶውም ለሐኪሙ ከብዙ ገለጻ ይሻለዋል።

መነሻው የት ነው?

በኢትዮጵያ ሁኔታ የመጀመሪያዎቹ ተጠርጣሪዎች የሚናከሱ ነፍሳት ናቸው። ከእነሱም በተለይ ኩሊኮይደስ የተባለችው ጥቃቅን ትንኝ። የአፍሪካን የፈረስ በሽታ የምታስተላልፈውም እሷው ናት። የምትራባው እርጥብ ጭቃና ፍግ ባለበት ነው፤ የምትናከሰው በአብዛኛው ፀሐይ ስትጠልቅና ጎህ ሲቀድ ነው፤ በረራዋ ደካማ ስለሆነ ነፋስ ይበግራታል። ለምራቋ አለርጂ የሆነ ፈረስ ጋማውንና የጭራውን ሥር ከግንድና ከግድግዳ ጋር እያሻሸ ይልጠዋል። ዝናቡ ሲበዛና ሊወጣ ሲል ይብስበታል፤ በበጋ ይሻለዋል። ፈረስ በየዓመቱ በዚያው ወር የሚታመም ከሆነ ምርመራው ግማሽ መንገድ ሄዷል ማለት ነው።

በዚህ ረገድ የአይስላንድ ልምድ ትምህርት ይሰጣል። በዚያች ደሴት ያደጉና ከዚህች ትንኝ ጋር ሳይተዋወቁ የኖሩ ፈረሶች ወደ አውሮፓ ሲሸጡ በብዛት በንክሻ አለርጂ ይያዛሉ፤ እዚያው አውሮፓ የተወለዱት የዚያው ዝርያ ፈረሶች ግን የሚያዙት በጣም ባነሰ መጠን ነው። ዘር ድርሻ ቢኖረውም ያደጉበት ቦታም ወሳኝ ነው ማለት ነው። የእኛም የፈረስ ገበያ ከብርዳማ ደጋ ወደ ሞቃት ወይናደጋ ከተሞች እንስሳትን ያወርዳል። ከደጋ የመጣ ፈረስ በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ክረምቶች ቆዳው በቅርብ ሊታይ እንደሚገባ ከዚህ መገመት አይከብድም።

ቀጥሎ የሚመጣው መኖ ነው። በክረምት ዝናብ የነካው ጭድና ድርቆሽ ይሻግታል፤ ብናኙ ቆዳንም ሳንባንም ያስቆጣል። ፍሩሽካ ወይም ፋጉሎ ድንገት በብዛት ሲቀየር ወይም ከአዲስ ወፍጮ ቤት ሲመጣ እብጠት ሊከተል ይችላል። ሦስተኛው በቆዳው ላይ የሚያርፈው ነገር ነው፦ ላብ የጠጣና ያልታጠበ ግላስ፣ ከማዳበሪያ ጆንያ የተሰፋ የጀርባ ምንጣፍ፣ አዲስ ቀለም የተነከረ ጌጥ፣ ለልብስ የተሠራ የዱቄት ሳሙና። ለጥምቀት ወይም ለፈረስ ጉግስ ሲባል ፈረስን በሳሙና ማጠብና በአዲስ ጌጥ ማስጌጥ የተለመደ ነው፤ በማግስቱ እብጠቱ ከጌጡ ቅርጽ ጋር ከገጠመ መልሱ እዚያው ተጽፏል።

አራተኛው ራሱ መድኃኒቱ ነው። ፔኒሲሊንና አንዳንድ የሕመም ማስታገሻዎች እብጠት ያመጣሉ። ክትባትም አልፎ አልፎ ያመጣል። ይህኛው ልዩ ጥንቃቄ ይሻል። ከክትባት በኋላ ፈረሱ ያበጠበት ገበሬ «ክትባቱ ነው ያመመው» ብሎ በሚቀጥለው ዓመት ቢቀር ከአለርጂው የባሰ አደጋ ይጋብዛል፤ ምክንያቱም የአፍሪካ የፈረስ በሽታ የያዘው ያልተከተበ ፈረስ በብዙው ይሞታል። ክትባት ሰጪው አስቀድሞ ሊነግረውና ከመርፌው በኋላ ጥቂት ሊያቆየው ይገባል።

ቅደም ተከተሉ

እንግዲህ ምን ይደረግ? አንደኛው ሥራ አደጋውን መለየት ነው። የዓይን ሽፋን፣ ከንፈርና አፍንጫ ያበጡበት፣ ትንፋሹ የሚያፏጭ ወይም የሚንቀጠቀጥ ፈረስ በአስቸኳይ ሐኪም ያስፈልገዋል፤ አድሬናሊን ሕይወት የሚያተርፈው በዚህን ጊዜ ነው። ይህ ካልታየ ጊዜ አለ።

ሁለተኛው ማሳረፍና ማቀዝቀዝ ነው። ኮርቻና ማሰሪያ ይውለቅ፤ በገላው ላይ ያለ ሳሙና ቀዝቃዛ ውኃ ይፍሰስለት፤ በጥላ ይቁም። ባለፉት ሁለት ቀናት የተቀየረ ነገር ሁሉ ይመለስ፦ መኖ፣ ጉዝጓዝ፣ መድኃኒት፣ የነፍሳት ርጭት። ያበጠውን ቦታ ኮርቻ ጭኖበት መሥራት ነገ ገጣባ ማትረፍ ነው፤ ገጣባውም ለንድፍት በር ይከፍታል።

ሦስተኛው ነፍሳቱን መከላከል ነው፤ ከሁሉም ርካሹና ውጤታማው ይህ ነው። ፍግ በየቀኑ ይጠረግና ከበረቱ ይራቅ። የቆመ ውኃና ጭቃ ይድረቅ። ፈረሱ ከምሽት በፊት ይግባ፤ ማለዳም ፀሐይ ሳትወጣ ወደ ረግረግ ግጦሽ አይሰማራ። ነፋስ የሚያገኘው ከፍ ያለ ቦታ ከወንዝ ዳር ይሻላል። የነፍሳት መድኃኒት ከተረጨ ለፈረስ የተፈቀደ፣ ለምሳሌ ፐርሜትሪን ያለበት፣ በሐኪም ምክር ይሁን። ለከብት መዥገር የሚያገለግለው አሚትራዝ ለፈረስ አይሆንም፤ አንጀቱን አድርቆ ለሞት የሚያበቃ የሆድ ሕመም ያመጣበታል። ከከብቱ የተረፈውን ለፈረሱ መርጨት እንደ ቁጠባ የሚታይ ቢሆንም ፈረሱን ሊያሳጣ የሚችል ስህተት ነው።

መድኃኒት ተራው የሚደርሰው ከዚህ በኋላ ነው። እንደ ሴቲሪዚንና ሃይድሮክሲዚን ያሉ ፀረ ሂስታሚኖች አንዳንዱን ፈረስ ይረዳሉ፤ ሌላውን እምብዛም። ዴክሳሜታዞንና ፕሬድኒሶሎን ኃይለኞች ናቸው፤ እብጠቱን በሰዓታት ያወርዳሉ። ነገር ግን የኮቴ ውስጥ ብግነት ሊያመጡና የተደበቀ ተላላፊ በሽታን ሊያባብሱ ስለሚችሉ ንድፍትና መሰሎቹ ሳይገለሉ፣ መጠኑም በፈረሱ ክብደት ሳይሰላ መሰጠት የለባቸውም። አንቲባዮቲክ ደግሞ ለአለርጂ ምንም አይሠራም፤ ቆዳው ተልጦ ካመረቀዘ ብቻ ቦታ ይኖረዋል።

የማን ኃላፊነት?

ባለፈረሱን ብቻ መውቀስ ቀላል ነው፤ ፍትሐዊ ግን አይደለም። በገጠር ያለው የእንስሳት ክሊኒክ ዋና ደንበኛው ከብት፣ በግና ፍየል ነው፤ በጀቱም መድኃኒቱም ወደዚያ ያደላል። ለፈረስና ለአህያ የሚደርሰው አገልግሎት በብዙ ቦታ እንደ ስፓና፣ ብሩክና ዶንኪ ሳንክቹዋሪ ባሉ ግብረ ሰናይ ድርጅቶች ትከሻ ላይ ወድቋል። ቢሾፍቱ ያለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ በጋሪ ፈረሶች መካከል ተቀምጦ በርካታ ጥናቶችን አድርጓል፤ እውቀቱ ግን ከመጽሔት ገጽ ወደ ባለጋሪው ማኅበር እምብዛም አልወረደም። የመድኃኒቱንም ነገር ብናነሳ የእንስሳት መድኃኒትና መኖ ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 728/2004 ከወጣ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ሆኖም የሕግ መኖር ብቻውን መርፌን ከገበያ እጅ አያወጣም። ባለጋሪው መርፌውን የሚፈልገው አማራጭ ስላጣ ነውና መጀመሪያ አማራጩ ይቅረብለት።

መንገዱም ሩቅ አይደለም። በአዊ ዞን በ1932 ዓ.ም የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 እንጅባራ ላይ በሺዎች የሚቆጠሩ ፈረሶችን በአንድ ሜዳ ያሰባስባል። እንዲህ ያለውን ቀን ለጉግሱና ለሽልማቱ ብቻ ሳይሆን ለቆዳ ምርመራ፣ ለክትባትና ለምክር ማዋል የሚጠይቀው ጥቂት ሐኪሞችንና ቅንጅትን ነው። በየከተማው ያሉ የጋሪ ማኅበራትም በአንድ ከሰዓት ሥልጠና ንድፍትን ከአለርጂ መለየትን ለአባሎቻቸው ሊያስተምሩ ይችላሉ። እንጦጦ ላይ ለመዝናኛ የሚጋለቡትን ፈረሶች የሚያስተዳድሩም ቢሆኑ ጎብኚው ከሚከፍለው ላይ ለመደበኛ የቆዳ ክትትል መመደብ አይከብዳቸውም።

ሜክሲኮ አጠገብ የተላለፈው የ15 ዓመት እገዳ የአህያን ቆዳ ከቢላ ለማዳን ነው። የእገዳው ዘመን ግን በቄራ በር ላይ በመጠበቅ ብቻ ካለፈ ግማሽ ሥራ ነው። የግብርና ሚኒስቴርና ክልሎች በዚሁ ዘመን የጋማ ከብት የቆዳ ጤናን በወረዳ ክሊኒኮች መደበኛ ሥራ ውስጥ ያስገቡ፤ ለዚህም የሚያስፈልገው ከአዲስ ተቋም ይልቅ ያለውን ባለሙያ ስለ ፈረስ ማሠልጠን ነው። ለባለፈረሱ ደግሞ ምክሩ አንድ ነው፦ ፈረስዎ ጉብ ጉብ ብሎ ሲያድር መርፌ ፍለጋ ከመሮጥዎ በፊት ትንፋሹን ይመልከቱ፣ ማሰሪያውን ያውልቁ፣ በጠመኔ ምልክት ያድርጉ፣ ትላንት ምን እንደተቀየረ ያስታውሱ። በሁለት ቀን ያልጠፋውን ለሐኪም ያሳዩ፤ የጠፋው ደግሞ እንዳይመለስ በረትዎን ያጽዱ።